ሲሳይ ለተሳቢ የተፈተነ ለት

ባለፈው የሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ነው። አንድ ሽበታም ሰው ከጎንደር አውቶቡስ ወርዶ ገንዳ ውሃ መናኸሪያ በር ላይ «የጆንያ ሰፊዋ የትርንጎ ቤት ወዴት ነው?» እያለ ይጠይቃል። ጆንያ መስፋት ከተውሁ ስንት ዘመኔ! የዛሬ ሰው የሚያውቀኝ ጨውና ሳሙና በምሸጥባት ሱቄ ነው። የባጃጅ ልጆቹ «እንዲህ የምትባል ሰው አናውቅም አባት» ብለው ሊሸኙት ሲሉ አንዲት የድሮ ጎረቤቴ ሰምታ ይዛው መጣች። በሬ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ። አላወቅሁትም። ፊቱ ክረምት አልፎ እንደ ደረቀ ዋልካ ተሰነጣጥቋል። «እታለም፣ እኔ ነኝ። አዳነ» አለኝ። ስንት አገር ዞሮ የጎጃም ድምፁ አልለቀቀውም። በዚህ ዓለም ላይ እታለም ብሎ የሚጠራኝ አንድ ታናሽ ወንድሜ ሲሳይ ብቻ ነበር፤ አዳነም ቃሉን የቀዳው ከእሱ ነው። አቅፌ ስስመው ልብሱ ታጥቦ ተተኩሷል፣ ከቆዳው ግን ናፍጣ ይሸታል። የከባድ መኪና ሾፌር እሱ ጡረታ ቢወጣ ሽታው አይወጣም። ያ ሽታ ነው እንግዲህ እጄን ይዞ ወደዚያ ዘመን የመለሰኝ።

ያን ጊዜ ገንዳ ውሃን አብዛኛው ሰው ሸህዲ ነበር የሚላት። ቆርቆሮ ቤት በጣት የሚቆጠር ነው፤ የቀረው ሣር ክዳን ነው። ዛሬ ባንኩና ሆቴሉ የተደረደረበት ቦታ ያኔ የአህያ መኝታ ነበር። በጋ አቧራው፣ ክረምት የዋልካው ጭቃ ጫማ ያስወልቃል። ጫማ ስላችሁ ደግሞ ኮንጎ ማለቴ ነው፤ ያቺ የፕላስቲክ ጫማ፣ ፀሐይ ሲመታት እግር የምታበስል። ሻይ በአሥር ሳንቲም ይጠጣል። ስሙኒ የያዘ ሰው ሻይ ከነዳቦው አዝዞ መልስ ይቀበላል፤ ሽልንግ ያለው ደግሞ የሱዳኖቹን ፉል በሰሊጥ ዘይት አስደርጎ ጠግቦ ይነሳል። የጎረምሶቹ ልብስ ቴትሮን ሸሚዝ ነው፣ ኮሌታው እንደ አሞራ ክንፍ የተዘረጋ፤ ሱሪው ከታች ሰፍቶ መንገድ የሚጠርግ። ማታ ማታ ከሻይ ቤቱ ሬዲዮ የሱዳን ዘፈን ይለቀቃል። ዐረብኛውን ማን ያውቀዋል? ግን ሁላችንም አብረን እንዘፍን ነበር፤ የማናውቀውን ቃል በራሳችን ቃል እየሞላን። እኔስ ዛሬም ድረስ አንዱ ዘፈን ስለ ሽንኩርት የተዘፈነ ይመስለኛል።

የዘመኑ ጌታ ግን ሾፌር ነበር። ከኮኪት በኩል የኤንትሬ፣ የዚያ የከባዱ ጭነት መኪና፣ ጥሩምባ ሲሰማ ከተማው በሙሉ ይነሳል። ሾፌሩ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ጥቁር መነጽሩን ሳያወልቅ ከጋቢናው ሲወርድ ባለሥልጣን እንኳ እንደዚያ አይወርድም። ተሳቢ የሚጎትት ከሆነማ አለቀ፤ ልጃገረዱ ሁሉ ነጠላውን ያስተካክላል። ከኋላ ሌላ መኪና የሚያህል ነገር አስከትሎ ያን ሁሉ የጭልጋን ጠመዝማዛ መውጣት ቀላል ጥበብ አይደለም።

ሲሳይን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። እናታችንን ወባ ስትወስዳት እሱ ገና ጥርሱን እየነቀለ ነበር። እኔ ሰሊጥ መጋዘን ተቀጥሬ የተሞላ ጆንያ አፉን በወፍራም መርፌ እሰፋለሁ፤ ፊደልም የለየሁት ጆንያው ላይ ከተጻፈው ነው። በኋላ መሠረተ ትምህርት ሲመጣ መምህሩ «ማን አስተማረሽ?» ቢለኝ «ጆንያ» ብዬ ክፍሉን አሳቅሁት። ሲሳይ ግን ከፊደል ጋር አልተዋደደም። እጁ ነው ብልሁ። ከመጋዘናችን ጎን የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ግቢ ነበር፤ እዚያ መኪና አጣቢ ሆኖ ገባ፣ ጎማ መፍታት ለመደ፣ የትንሿን የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ አወጣ። አንድ ቀን እየሮጠ መጣና «እታለም፣ ለተሳቢ አጩኝ!» አለኝ። አራት ሆነው ነበር የታጩት። አንደኛው ይኸው አዳነ ነው። ከጎጃም ለሰሊጥ አረም የወረደ የቀን ሠራተኛ ነበር፤ በጉልበቱ ተወዶ ጫኝ ሆነ፣ ከጫኝነት ረዳት፣ ከረዳትነት ሾፌር። ዘመድ ስላልነበረው እኛ ቤት ይበላል፤ ከሲሳይ ጋር እየተከራከሩ እየተሳሳቁ እንደ መንታ ነበሩ።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። ያን ሰሞን ቀበሌ አዳራሽ ተሰብስበን ስም ይነበብ ነበር። የብሔራዊ ውትድርና ስም። የተጠራው ልጅ ይቆማል፣ ይጨበጨብለታል፣ እናቱም ታጨበጭባለች፤ ማጨብጨብ ግዴታ ነው። ከዚያ ሰሜን፣ ጦር ግንባር ይሄዳል። ከኛ መንደር ባለፈው ዙር ከሄዱት አንድም አልተመለሰም ነበር። የድርጅቱ ኃላፊ አራቱን ዕጩዎች ሰብስቦ ነገራቸው፤ የተሳቢውን የመንጃ ፈተና ያለፈ ለሥራው አስፈላጊ ነው ተብሎ ደብዳቤ ይጻፍለታል፣ ቀበሌ አይነካውም። የወደቀ ግን እንደማንኛውም ወጣት ነው። እንደማንኛውም ወጣት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። እኔ ያን ቀን ማታ ሲሳይን አስቀምጬ «ስማኝ፣ ይህን ፈተና ጥርስህን ነክሰህ ታልፋለህ። ጨርሻለሁ» አልሁት። «እሺ መምህር» አለኝ፤ እየሳቀ።

ዝግጅቱን ተያያዝነው። የመንገድ ምልክት መጽሐፍ ድርጅቱ ውስጥ አንድ ብቻ ነበረች፤ ለአንድ እሑድ ለመንሁና ምልክቶቹን በሙሉ በከሰል ግድግዳችን ላይ ገለበጥኋቸው። ሲሳይ እንጀራ እየቆረሰ አሻግሮ ያጠናል።

«ይኼ ምንድን ነው?» እለዋለሁ።

«ጠመዝማዛ መንገድ።»

«ይኼስ?»

«በቀኝ በኩል አትለፍ... የለም፣ የለም፣ የባቡር መንገድ። ቆይ እታለም፣ እዚህ አገር ባቡር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ ምልክቱንም ከዚህ ግድግዳ ሌላ አይቼ አላውቅም። ዝም ብለህ አጥና!»

አዳነ ደግሞ ከማዕዘን ሆኖ «ፈታኙ ግድግዳውን አምጡ ቢልሳ?» ይላል። ግድግዳው እስኪጠቁር አጠኑ። በጽሑፉ ሁለቱም እንደሚያልፉ እርግጠኛ ሆንሁ።

ጭንቁ ኋሊቱ ነበር። ፈተናው ተሳቢውን ከነመኪናው ወደ ኋላ እየነዱ በተደረደሩ በርሜሎች መሀል ማስገባት ነው፤ አንዱን በርሜል የነካ ወደቀ። ዕጩዎቹ የሚለማመዱበት ተሳቢ ግን ግቢው ውስጥ አልነበረም። ያሉት ተሳቢዎች በሙሉ ለጦሩ ስንቅ ጭነው ሰሜን ነበሩ። ልጆቹ የሚነዱት ባዶውን መኪና፣ ራሱን ብቻ ነው። ቀደም ሲል ተሳቢ ሲመጣም ሜዳው ሰፊ ስለሆነ ማንም ሾፌር ኋሊት አይልም፤ ዞሮ ይወጣል። አላፊ ሾፌር ቢጠይቁ «ስትይዘው ታውቀዋለህ» ብሎ ያሾፍባቸዋል። ሙያውን ማን በነጻ ይሰጣል?

ታዲያ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? እኔ መጋዘን በር ላይ ጆንያ ስሰፋ ከእርሻው ትራክተር ይመጣል፤ ባለሁለት ጎማ ጋሪ አስከትሎ፣ ሰሊጥ ጭኖ። ትራክተሩ ጋሪውን ኋሊት ወደ መጋዘኑ በር ሲያስገባ በቀን አሥር ጊዜ አየዋለሁ። ከዚያ በፊት ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር፤ አሁን ግን መርፌዬን አቁሜ የነጂውን እጅ መመልከት ጀመርሁ። መሪውን ወደ ግራ ሲያዞር የጋሪው ጭራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ወደ ቀኝ ሲያዞር ወደ ግራ። ሁልጊዜ፣ ያለ አንዳች ስህተት። የመጋዘኑ ካቦ «ትርንጎ፣ ባል አገኘሽ እንዴ ትራክተሩ ላይ?» እያለ ሲያላግጥብኝ እኔ ሳምንት ሙሉ አይቼ አረጋገጥሁ። ያወቅሁት ቀን የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሲሳይ ነገር የሚይዘው በዜማ ስለሆነ ግጥም አደረግሁለት፤

ተሳቢ ልበ ጠማማ፣ አትነዳም በቀና፤
ቀኝ ስትሻ ግራ ያዝ፣ ግራ ስትሻ ቀኝ ና።

አዳነ ሲሰማ በሳቅ ሞተ። «እታለም፣ ግጥም መኪና ይነዳል?»

«አንተን ያህል ድንጋይ የነዳ ግጥም መኪና ያቅተዋል?» አልሁት።

ከዚያማ ጨዋታው መጣ። የአሮጌ ወንፊት ክብ መሪ ሆነ። ሲሳይ ከፊት ይቆማል፣ እኔ መቀነቴን ከወገቡ ጋር አስሬ ከኋላው ተሳቢ እሆናለሁ። በግቢው ውስጥ በድስትና በእንስራ መሀል ኋሊት እንሄዳለን። እሱ «ቀኝ ስትሻ ግራ ያዝ» እያለ ወንፊቱን ያዞራል፤ እኔ ጭራዬን ወደ ቀኝ እጥላለሁ። ጎረቤቱ በአጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያየናል። «ትርንጎ ተሳቢ» የሚል ስም የወጣልኝ ያኔ ነው፤ አንድ ሁለት ዓመት ተጠርቼበታለሁ። ሁለት እንስራ ሰብረናል። ሳምንት ሳይሞላ አራቱም ዕጩዎች ግጥሙን እያንጎራጎሩ ጎማ ያጥቡ ጀመር። እኔ የምሰፋበት ድረስ ይሰማኝ ነበር። ኩራቴን ምን ልበላችሁ! ጆንያ ሰፊዋ ሴት ለሾፌር አስተማሪ ሆና።

የፈተናው ቀን ቅዳሜ ነበር። ፈታኙ ከጎንደር መጣ፤ ኤንትሬዋም ተሳቢዋን አስከትላ አብራ መጣች። ሲሳይ ከጎረቤት የተዋሰውን የቴትሮን ሸሚዝ ለበሰ፣ ጸጉሩን በውሃ አስተኛ። ወደ ግቢው ሴት አያስገቡም። እኔ መጋዘኔ በር ላይ ተቀምጬ እሰፋለሁ እላለሁ እንጂ አንዱን ጆንያ ሁለት ጊዜ ሰፍቼ ካቦው አስፈታኝ። ከግንቡ ማዶ ሞተሩ ይሰማል፤ ይነሳል፣ ይጮኻል፣ ይጠፋል። አንድ ጊዜ የቆርቆሮ ድምፅ ሰማሁ። በርሜል ነው። የማን እንደሆነ እንዴት ልወቅ? የሌላ ሰው እንዲሆን ጸለይሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የሌላ እናት ልጅ እንዲሆን ጸለይሁ።

ከሰዓት በኋላ ሲሳይ መጣ። ፊቱን አይቼ አወቅሁ። ጆንያዎቹ ላይ ተቀመጠና ኮንጎውን አውልቆ አሸዋውን ማራገፍ ጀመረ።

«ምን ሆንህ?» አልሁት።

«ፍሬኑ ነው እታለም። የመኪናዋ ፍሬን አልይዝ አለኝ፣ ቁልቁለቱ ላይ ሸሸችብኝ። ፈታኙ አላመነኝም።»

«ኋሊቱስ?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ኋሊቱንማ በግጥምሽ አስገባሁት። እንደ ቅቤ ገባልሽ። በርሜሎቹ መሀል ቀጥ አድርጌ!» እጁን ዘርግቶ አሳየኝ። «ፈታኙ እንኳ ማን አስተማረህ ብሎኛል።»

«ታዲያ ሌሎቹ?»

«ሦስቱም አለፉ። አዳነ አልፏል።»

አዳነ ግን ያን ቀን ለራት አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። ያለፈ ሰው በወደቀ ሰው ቤት መብላት አፍሮ ነው ብዬ አሰብሁ። ከዚያ ወዲያ በየመንገዱ ሳየው ከሩቅ ባርኔጣውን አንስቶ ይሄዳል፤ ትንሽ ቆይቶም ድርጅቱ ወደ ሌላ አገር አዛወረው።

በሦስተኛው ሳምንት የሲሳይ ስም አዳራሽ ተነበበ። አጨበጨብሁ። ምን አማራጭ አለኝ? እጄ ሲጋጭ አይሰማኝም ነበር። የወሰዷቸው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ከቀበሌው ሜዳ፣ ሸራ በሌለው መኪና። ድርቆሽና በሶ ቋጥሬለት ነበር፤ ሌሎቹም ልጆች እንደዚያው ናቸው፣ መኪናው ላይ ከልጁ ቋጠሮው ይበዛል። ሞተሩ ሲነሳ ሁሉም እናት ስም እየጠራ ጮኸ። ሲሳይ ከመኪናው ጠርዝ ቆሞ፣ ያንን ሁሉ ጩኸት አልፎ፣ ያቺን ግጥም በዜማ አለልኝ። «ቀኝ ስትሻ ግራ ያዝ!» ሰው ዞሮ አየኝ። እያለቀስሁ ሳቅሁ።

ከማሠልጠኛ አንድ ደብዳቤ መጣ፤ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ፣ «ደህና ነኝ፣ እግሬን ብቻ ትንሽ ያመኛል» የሚል። ከሰሜን ደግሞ አንድ። ከዚያ ዝም። መርዶ እንኳ አልመጣም። መንግሥቱ የተለወጠ ሰሞን የተበተነው ጦር በሱዳን ዞሮ በመተማ ዮሐንስ ይገባ ጀመር። ሥራዬን ትቼ እዚያ ወረድሁና ድንበሩ አፍ ላይ እንስራ ውሃ ይዤ ቆምሁ። ስንት ቀን እንደቆምሁ አላውቅም። ከጋላባት፣ ከሱዳኑ ወገን፣ ሰው እንደ ጎርፍ ይመጣል፤ አንዱ ባዶ እግሩን፣ አንዱ ጓደኛውን አዝሎ፣ አንዱ የሱዳን ጀላቢያ ለብሶ ማን እንደሆነ የማይታወቅ። ውሃ እየቀዳሁ «ሲሳይ የሚባል፣ የሸህዲ ልጅ፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው» እላለሁ። አንዱ ጠጥቶ ጣሳውን ሲመልስልኝ «እናቴ፣ ሲሳይ የማይባል ማን አለ?» አለኝ። ያን ጊዜ እናት የሚያሰኝ ዕድሜ እንኳ አልነበረኝም። ሰው መምጣት ሲያቆም እንስራዬን ይዤ ተመለስሁ።

ሐዘን የሚያወጡት በወሬ ነው። እኔም ይህን ታሪክ ስንት ዘመን አወራሁት! በለቅሶ ቤት፣ በማህበር፣ ሱቄ ደጃፍ። የወንፊቱን መሪ፣ የተሰበሩትን እንስራዎች፣ ወንድሜ በግጥሜ ተሳቢውን እንደ ቅቤ እንዳስገባው፣ ፈታኙ ማን አስተማረህ እንዳለው፣ ያ እርጉም ፍሬን ብቻ እንደጣለው። ሰው ይስቃል፣ ያዝናል፣ ሌላ ቀን ደግሞ «የግጥሙን ንገሪን» ይለኛል።

ለአዳነም፣ ያን የመጣ ለት ቤቴ ተቀምጦ ሳለ፣ ይህንኑ ነገርሁት። አብሮን የነበረ ሰው ይደሰታል ብዬ እየሳቅሁ ነው የነገርሁት። እንደ ቅቤ ገባ ያልሁት ላይ ስደርስ ጭንቅላቱን በእጁ ያዘ።

«ምነው?» አልሁት።

«እትዬ ትርንጎ» አለ፤ እታለምን ትቶ። «የነፍስ አባቴ ሳትሞት ሂድና ንገራቸው ስላሉኝ ነው የመጣሁት። ፍሬኑ ደህና ነበር።»

አልገባኝም።

«አንቱ ያዩት የትራክተር ጋሪ ነው፤ ባለሁለት ጎማ። የሚታጠፈው አንድ ቦታ ላይ ነው።» ክንዱን ዘርግቶ በክርኑ አጠፈ። «ተሳቢ ግን አራት ጎማ ነው። የፊት እግሩም ለብቻው ይዞራል። ሁለት ቦታ ላይ ይታጠፋል።» አሁን ክርኑንም የእጁን አንጓም አጠፈ። «ግራ ሲይዙት ወደ ግራ ነው የሚሄደው። እንደማንኛውም መኪና።»

«ግጥሙስ?»

«ለጋሪ ልክ ነው።»

እሱ ከጀመረ አልቆመም። ሲሳይ ጭራዋን ወደ ቀኝ ፈልጎ መሪውን ወደ ግራ ያዘ፤ ወደ ግራ ሄደች። አልበቃትም ብሎ ይበልጥ ወደ ግራ ያዘ። ይበልጥ ሸሸች። በርሜሉ ተጨፈለቀ፣ መጎተቻ ብረቷ ተጣመመ፣ ፈታኙ «ውረድ!» አለው። ወርዶ ተሳቢዋን ዞሮ ዞሮ አያት። ቀጣዩ አዳነ ነበር።

«እኔም ግጥሙን ነበር ይዤ የቆምሁት» አለኝ። «እሱ ሲወድቅ ባላይ ኖሮ እኔም እንደዚያው ነበር የማደርገው። ግጥሙን ገልብጬ፣ ቀኝ ስሻ ቀኝ እየያዝሁ ነዳሁና አለፍሁ። ከኔ ኋላ የነበሩትም እኔን አይተው አለፉ። ስንወጣ በሩ ላይ ሲሳይ አስማለን። ለእታለም ፍሬን ነው በሏት አለን። እኔ ይህን አፌ ውስጥ ይዤ ቤታችሁ እንጀራ መብላት አቃተኝ።»

የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «በፊደል ተራ ነው የጠሯችሁ? ለምን እሱ ቀደመ?»

አዳነ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዞረ። «ተራ አልነበረም» አለኝ። «ፈታኙ ማን ይጀምራል አለ። ተሳቢዋን ነክተናት አናውቅም፤ ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ሲሳይ ነው ወደ ፊት የወጣው። እኔ ልጀምር፣ እኔ ቤቴ ውስጥ ለምጃታለሁ፣ እህቴ አስተምራኛለች አለው።»

መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮቱ እጄን ያዘኝና «ይቅር ይበሉኝ» አለ። ይቅር ይበልህ አልሁት። ምን በድሎኛል?

ጎረቤቶቼ ከዚያ ወዲህ «ትርንጎ፣ የግጥሙን ንገሪን» ሲሉኝ ወደ ሌላ ወሬ እየወሰድኋቸው ነው። ስለዚህ ነው ቁጭ ብዬ ይህን የጻፍሁት። ይህን ሁሉ ዓመት ስነግራችሁ ተሳስቻለሁ። ወንድሜ ተሳቢውን አላስገባውም። የሰማችሁኝ ሁሉ እንዲህ ብላችሁ አርሙልኝ።